በዓል የሚያከብረው ሬዲዮ

ስለ አንድ ሬዲዮ ልነግራችሁ ነው። ዜና የሚያወራው፣ ዘፈን የሚያሰማው ዓይነት አይደለም። ስልክ በማይደርስበት አገር፣ ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አምቡላንስ የሚጠራ ዲጂታል መገናኛ ነው። ይህ ሬዲዮ በዓል ያከብር ነበር። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ፤ ሳቄ የት እንዳደረሰኝ ቀስ ብዬ አጫውታችኋለሁ።

ደብሪቱ እባላለሁ። ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ወደ አገሬ የተመለስኩ ቴክኒሻን ነኝ። ያኔ ሥራዬ በላስታ ተራሮች ላይ ያሉትን የጤና ሬዲዮዎች እየዞርኩ መለካትና መጠገን ነበር። የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። የአባቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር በጩኸት ነው የሚሄደው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ በላይ እጮኻለሁ፣ አባቴ «ምን አልሽ?» ይለኛል። ሲደክመኝ «ምንም» ብዬ እተወዋለሁ። የመስክ ሥራውም ሰልችቶኝ ነበር። ደሴ ቢሮ ውስጥ ቦታ ጠይቄ ተፈቅዶልኝ፣ ወሩ እስኪያልቅ ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ዝግባ አምባ ጤና ጣቢያ ከይምርሐነ ክርስቶስ ባሻገር፣ መኪና እያቃሰተ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው ያለው። ከዚያ የሚመጣልን አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሬዲዮው እሑድና በዓል አይሠራም።» ባልደረቦቼ ሄደው ይለካሉ፤ ደህና ነው። አቤቱታው እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳሉ፣ አሁንም ደህና ነው። መቼም የመንግሥት መኪና በበዓል ቀን አይወጣምና የምንሄደው ሁልጊዜ በሥራ ቀን ነበር። ቢሮው በመጨረሻ ተሰላቸ። «መጠቀም አልቻሉበትም፤ ነቅላችሁ ለሚጠቀምበት ቀበሌ ስጡት» ተባለ። አንድ የመጨረሻ ልኬት ወስጄ፣ ዕቃው ደህና ከሆነ ነቅዬ እንድመጣ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከሾፌራችን ከሰይድ ጋር ጥር ሃያ ቀን ደረስን። አንቴናው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር ነው የተተከለው፤ በአካባቢው ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ የለም። መሣሪያዬን አውጥቼ ሰካሁ።

መሣሪያዬ ሁለት ነገር ያሳየኛል። አንዱ፣ ከሩቁ ተራራ ላይ ካለው አስተላላፊ ጣቢያ የሚመጣው ሞገድ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ያ ሞገድ በዙሪያው ካለው ጫጫታ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደወጣ ነው። ገበያ መሃል ቆሞ የሚጣራ ሰው አስቡ። ቁም ነገሩ ምን ያህል መጮኹ ሳይሆን ድምፁ ከገበያው በላይ መውጣቱ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ዕቃ ሁሉ ለሬዲዮ ጆሮ ይንጫጫል፤ እኛ አንሰማውም እንጂ። የድሮው ሬዲዮ ጫጫታ ሲበዛበት ያፏጫል፣ ይቆራረጣል፣ ቢሆንም ከመሃል ቃል ይለቀማል። ዲጂታሉ እንዲህ አያደርግም። ጫጫታው ከልክ እስኪያልፍ ድረስ ጥርት ብሎ ይናገራል፣ ካለፈ በኋላ ግን ጭራሽ ዝም ነው።

የዚያን ቀን ሁለቱም ቁጥሮች ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም ከላሊበላው ይሻሉ ነበር። ላሊበላ ያለውን የአምቡላንስ ስምሪት ጠራሁ፣ ወዲያው መለሰልኝ።

ቄሰ ገበዝ አያሌው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ለማግስቱ ንግሥ ዳስ ሲያስጥሉ ከቅጽሩ በላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ደህና ነው አይደል?» አሉኝ።

«ደህና ነው አባ። ምንም የለበትም።»

«ዛሬማ ደህና ነው፤ ዛሬ የሥራ ቀን ነው። ነገ እይው። ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ እሱ ደግሞ ማርያምን አይሽርም።»

«ሬዲዮው በዓል ያከብራል ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። እኛ በማርያም ቀን ሞፈር አንጨብጥም፣ ማጭድ አናነሳም። እሱም ከኛ ጋር ሲኖር ለመደው መሰለኝ። መብራቱን አብርቶ ዝም ይላል፤ አይንጫጫም፣ አያጉረመርም። ከዘንድሮ ጎረምሳ እሱ ይሻላል» ብለው ሳቁ።

ሰይድም ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። «የኔም መኪና ጁምዓ ብታከብርልኝ ምን ነበር!» አለ። ከመኪናው ሥር የገባበት ምክንያት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አቀበቱን ስንወጣ የኋላው ባሌስትራ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰንጥቋል። በዚያ ቁልቁለት በተሰነጠቀ ባሌስትራ መውረድ ሞትን መለመን ነው። ሙሉ የምትባለው የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ የእንግዳ አልጋ እንዳላት ነገረችን። ሰይድ እህል ጭኖ በሚወርድ መኪና ተሳፍሮ ባሌስትራ ፍለጋ ወደ ጋሸና ሄደ። «አብሽሪ፣ ነገ ከሰዓት እዚህ ነኝ» አለኝ።

ሬዲዮውን ልነቅለው እጄን ሳነሳ ሙሉ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ደብሬ፣ እባክሽ ነገን እይልን።»

«ነገ በዓል ነው፤ አልሠራም።»

«እሱንኮ ነው የምልሽ!»

መኪና ከሌለ ነቅዬ የት ልወስደው ብዬ ተውኩት። እንዲያው ስንፍናዬ ነው ብላችሁ ብታስቡም አልከራከርም።

በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ቅዳሴ ነው። ምእመናኑ ተባብረው ያስገዙት ድምፅ ማጉያ ከቅጽሩ ውስጥ ካለው ጥድ ላይ ተሰቅሎ ሸለቆውን ሁሉ ይሞላዋል። ከየቀበሌው የመጣው ሕዝብ ቅጽሩን ሞልቶ ወደ ውጭ፣ እስከ ሜዳው ድረስ ፈሷል። የጤና ጣቢያው መስኮት መስተዋት ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው አቀበቱን ሲወጡ አየሁ። ከኋላቸው አንድ ሰው በጋቢው የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ፣ እንዳያደናቅፈው መሬት መሬቱን እያየ ይከተላቸዋል።

ቃሬዛው ላይ ያለችው ጥሩዬ ናት፤ ሰውዬው ባሏ ምሥጋናው። በጋቢው ያለው ጎህ ሲቀድ ቤት ውስጥ የተወለደው ወንድ ልጅ ነው። ጥሩዬ መንታ ነበር የያዘችው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ቀረ።

ሙሉ እጇን ታጥባ ሆዷን ዳበሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። የእንጨቷን ማዳመጫ አነሳች፤ እንደ ትንሽ ጥሩንባ ያለች፣ የፅንስ ልብ የሚሰማባት መሣሪያ ናት። አንዱን ጫፍ ጥሩዬ ሆድ ላይ፣ አንዱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች።

«በዚህ ድምፅ ምንም አይሰማኝም» አለች። ወደ እኔ ዞራ በቀስታ፣ ጥሩዬ እንዳትሰማ፣ «አግድም ነው የተኛው። እንዲህ ሆኖ አይወለድም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት ይሆናል። አምቡላንስ ጥሪልኝ» አለችኝ።

ሬዲዮውን አንስቼ ተጫንኩት። ሁለት ጊዜ ጮኸና ተወው። እንደገና ተጫንኩት፤ እንደገና እምቢ። ይህ ዓይነቱ ሬዲዮ ከተራራው ጣቢያ የመልስ ምልክት ካልሰማ ለመናገር አፉን አይከፍትም። የሞገዱ ብርታት ማሳያ ግን ሙሉ ነው፤ አረንጓዴ መብራቱም በርቷል። ቄሰ ገበዙ እንዳሉት፣ መብራቱን አብርቶ ዝም።

ሙሉ «አየሽ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ምሥጋናው ታናሽ ወንድሙን ስልክ ወደሚሠራበት ሸንተረር ልኮታል። ሸንተረሩ ግን ሩቅ ነው፤ ልጁ ደርሶ፣ አምቡላንስ ተጠርቶ እዚህ እስኪወጣ ቀኑ መሽቷል። ጥሩዬ በየመሃሉ ከንፈሯን እየነከሰች ዝም ትላለች። አብራት የመጣችው አክስቷ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ሌላ ድምፅ የለም፤ ከቅዳሴው በቀር።

መሣሪያዬን ይዤ ወደ አንቴናው ሮጥኩ። የሞገዱ ብርታት የትናንቱ ነው፣ ዝንፍ አላለም። ሁለተኛው ቁጥር ግን ወርዷል። ጫጫታው ተነስቶ ተነስቶ ሞገዱን ሊውጠው ደርሷል። ትናንት ጸጥ ያለው ሜዳ ዛሬ የመርካቶ ገበያ ሆኖብኛል።

ምሥጋናው ልጁን እንደታቀፈ ተከትሎኝ መጥቷል። «እህቴ፣ ድምፁን ጨምሪበት እስቲ» አለኝ።

ከሻንጣዬ የሞገድ ማጉያ አውጥቼ ጨመርኩበት። ያው ነው። ማጉያ መርጦ አያጎላም፤ ሞገዱን ሲያሳድግ ጫጫታውንም አብሮ ያሳድገዋል። አንቴናውን አዞርኩ፤ ትንሽ ረገብ አለ እንጂ አልጠፋም። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጮኹን ትቼ የሚጮኸውን መፈለግ።

በእጅ የምትያዘውን ትንሿን አንቴና መሣሪያዬ ላይ ሰክቼ መዞር ጀመርኩ። ወደ መንገዱ ወረድኩ፤ ጫጫታው ቀነሰ። ወደ ሕዝቡ ወጣሁ፤ ጨመረ። በቅጽሩ ዙሪያ በቀስታ ሄድኩ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ መሃል በሽቦና በአንቴና ስመላለስ ሰዎች «ምን ጠፋባት?» በሚል ዓይን ያዩኛል። ከምሥራቁ በኩል፣ ከቤተ ልሔም ጀርባ ስደርስ የጫጫታው ቁጥር ዘሎ ወጣ። ቤተ ልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት፤ ሴት አትገባባትም። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ። አዲስ ሶላር ተዘርግቶበታል።

አሁን ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። የድምፅ ማጉያው ኃይል የሚመጣው ከዚህ ነው። የሶላሩን ኃይል ለድምፅ ማጉያው እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ደህና ካልተሠራ በዙሪያው ያለውን ሞገድ ሁሉ ይበጠብጣል። በሥራ ቀን ጠፍቶ ይውላል፤ እሑድና በዓል ይበራል። አንቴናውም ከአጥሩ ማዶ ነው። እኛ ደግሞ አንድም ቀን በበዓል መጥተን ለክተን አናውቅም። ሕዝቡ ቀኑን አልሳተም፤ ምክንያቱን ነው የሳተው። እኛ ሁለቱንም ስተናል።

ቄሰ ገበዝ አያሌው በምሥራቁ በር ቆመው ሕዝቡን ያስተናግዳሉ። ጎንበስ ብዬ «ይፍቱኝ አባ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«አባ፣ ሬዲዮው ዝም ያለው በዓል አክብሮ አይደለም። ድምፅ ማጉያው የተሰካበት የሶላር ሣጥን ነው የሚያፍነው። ይጥፋልኝ።»

«አሁን? በቅዳሴ መሃል?»

«አሁን።»

ወደ ሜዳው አዩ። ሕዝቡ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ቆሟል። «ይህ ሁሉ ሰው ሌሊት ሲጓዝ አድሮ የመጣው ቅዳሴ ሊሰማ ነው። ያለዚህ የኋላው ምን ይሰማል? ሰይጣን ዘጋው ነው የሚለኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቢቆይስ?»

«ጥሩዬ የምትቆይ አይመስለኝም።»

«ጥሩዬ? የምሥጋናው?»

«አዎ አባ። መንታ ናቸው። አንዱ ተወልዷል፤ ሁለተኛው ቀርቷል። ሙሉ እዚህ አይወለድም ብላለች፣ አምቡላንስ መጠራት አለበት። ሬዲዮው ደግሞ ይህ ሣጥን ካልጠፋ አይሰማም።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከላያችን ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

«ትናንት ለንግሡ ውኃ ቀድታ ስትመጣ አግኝቻት፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብዬ መርቄያት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ምርቃት ብቻውን ይበቃል እንዴ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ልሔሙ ገቡ።

ድምፅ ማጉያው ቀጥ አለ። ሕዝቡ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። እኔ ዓይኔን ከመሣሪያዬ አልነቀልኩም። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

«አባ! አልጠፋም!»

ቄሰ ገበዙ በበሩ ብቅ አሉ። «እንዴት አልጠፋም? ይኸው ድምፁ የለም እኮ!»

«ድምፅ ማጉያው ነው የጠፋው። ሌላ ሣጥን አለች፤ እንደ ንብ እም የምትል።»

«እሷማ ስልክ ተሰክቶባታል! ሰዉ ሁሉ ስልኩን ለዲያቆኑ አስይዞ ነው የሚያስቀድሰው።»

ኔትወርክ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ስልክ ምን ይሠራል እንዳትሉ። ንግሥ ያለ ፎቶ አይሆንም። እኔ በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ሣጥኗ ከውስጥ ትታየኛለች፤ በላይዋ የተሰኩት ገመዶች እንደ አንጀት ተጠላልፈዋል። አንድ እርምጃ ብገባ በእጄ አጠፋታለሁ። አልገባሁም፣ እሳቸውም ግቢ አላሉኝም።

«ከኋላዋ ማጥፊያ አላት። ጥቁር ናት፣ በጣት የሚጫኗት» አልኳቸው።

«ይህች?»

«አይደለችም፣ ከሷ ዝቅ ብላ።»

«አገኘኋት» አሉና ተጫኑ። የንቧ ድምፅ ቆመ። በእጄ ላይ የጫጫታው ቁጥር ወረደ፣ ወረደ፣ የትናንቱ ቦታ ላይ ደርሶ ተቀመጠ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስሮጥ ነው ጸጥታውን የሰማሁት። ከቤተ መቅደሱ የሚመጣው የካህናቱ ድምፅ አሁን ያለ ምንም ማጉያ፣ ከሰው ጉሮሮ እንደወጣ ነበር። መጀመሪያ ያጉረመረመው ሕዝብ ድምፁን ፍለጋ ጠጋ ጠጋ አለ፤ ልጅ የያዘው ልጁን አባበለ፤ አንዱ አንዱን ዝም አሰኘ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ጆሮውን ጣለ። ሜዳው ላይ የቆመ አህያ ጆሮውን ሲያራግፍ ይሰማ ነበር።

ሙሉ ሬዲዮውን ተጭና ነበር። እምቢ አላላትም።

«ስምሪት፣ ስምሪት፣ ዝግባ አምባ ነኝ፤ ይሰማል?»

«ዝግባ አምባ፣ ጥርት ብለሽ ትሰሚያለሽ። ቀጥዪ።»

ሙሉ አንድም ቃል ሳታባክን ነገረቻቸው። አምቡላንሱ እንደሚወጣ ተነገረን። ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ነው። «ሽርት ውኃው ፈሷል?» ብሎ ጠየቃት። አልፈሰሰም። «እንዳትነኪው። በግራ ጎኗ አስተኛት፣ ግሉኮስ ስጫት። የልጁ ልብ ይመታል?»

ሙሉ የእንጨቷን ማዳመጫ አነሳች። ጥሩዬ ሆድ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አክስትየው ማርያም ማርያም ማለቷን አቆመች። ምሥጋናው በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ የያዘው ልጅ እንኳ ጸጥ ብሏል። እኔ ሬዲዮውን ይዤ ቆምኩ።

ሙሉ እጇን አነሳች። ጣቷ አየሩ ላይ ምት መቁጠር ጀመረ።

«ይመታል» አለች። «ይሰማኛል፣ ይመታል።»

ጥሩዬ ከመጣች ጀምሮ ያልወጣት እንባ ያኔ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

አምቡላንሱ እስኪደርስ ሐኪሙ በየጊዜው እየገባ ሙሉን ይጠይቃታል፤ እሷም እያዳመጠች ትመልስለታለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቄሰ ገበዝ አያሌው ቤተ ልሔሙ በር ላይ ቆመው ማንንም አላስነኩም። አንድ ጎረምሳ ስልኬ ሳይሞላ ቀረ ብሎ ሲነጫነጭባቸው፣ «የሬዲዮው ተራ አልቋል፤ ዛሬ ያንተ ስልክ በዓል ያክብር» እንዳሉት በኋላ ሰማሁ።

መኪናው ሲደርስ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። ለቃሬዛው መንገድ ተከፈተ። ሴቶቹ ሁሉ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ሸኟት። ምሥጋናው ልጁን ታቅፎ አብሯት ገባ፤ ሙሉም ማዳመጫዋን ይዛ ገባች። በሩ ተዘጋና ቁልቁል ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ፣ ቄሰ ገበዙ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ። ከሰዓት በኋላ ሰይድ ባሌስትራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ደረሰ። የሆነውን እየነገርኩት ሳለ ሬዲዮው ተናገረ፤ የሙሉ ድምፅ ነው።

«ዝግባ አምባ፣ ዝግባ አምባ። ሁለተኛዋ ሴት ናት። በኦፕራሲዮን ወጣች። ሦስቱም ደህና ናቸው።»

ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ቄሰ ገበዙ «ተመስገን» ሲሉ አንድ ሆነ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሬዲዮውን አልነቀልኩትም። አንቴናውን ከቅጽሩ አርቀን ተከልነው፤ ኢንቨርተሩ ከነሶላሩ ወደ ምዕራቡ ዳር ተወስዶ ጫጫታ በማያስወጣ የብረት ሣጥን ውስጥ ታሰረ። ድምፅ ማጉያውም ተመልሶ በርቷል፤ ሽማግሌዎቹ ግን በዚያ ቀን ያለ እሱ የሰሙት ቅዳሴ ይበልጥ እንደገባቸው እስከ ዛሬ ያነሳሉ። አሁን እኔ በእሑድና በበዓል ነው የምለካው። ቄሰ ገበዙ ባዩኝ ቁጥር «ሬዲዮውን ከበዓል አውጥተሽ አንች ራስሽ ሻሪ ሆንሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር አልሰማ ሲል መልሱ ማጉላት ይመስለኝ ነበር። ለሬዲዮም፣ ለሰውም። እናንተም ቤት ውስጥ ወይም ሥራ ላይ እየጮኻችሁ ያልተሰማችሁበት ሰው ካለ፣ ድምፃችሁን ከመጨመራችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር በርቶ ይሆናል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ማጥፊያውን ያየው የለም እንጂ።

የዚያን ዕለት ምሽት ላይ ቤት ገባሁ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ዛሬ የገጠመኝን ብነግርህ!» ብዬ ጮኽኩ። «ምን አልሽ?» አለኝ። «ምንም» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። በረንዳ ላይ የሚጮኸውን ትንሿን ሬዲዮም አጠፋሁ። ወንበሬን ስቤ ከፊቱ ተቀመጥኩና በቀስታ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ ቤተ ልሔሙ፣ ምት ስለቆጠረው ስለ ሙሉ ጣት ሁሉ። አንድ ጊዜ እንኳ «ምን አልሽ?» አላለኝም።

ስጨርስ፣ «ደብሬ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን የምትሠሪው እንዲህ ያለ ሥራ ነው?» አለኝ።

የደሴውን ቦታ የተውኩት ያኔ ነው፤ ደብዳቤውን በማግስቱ ብጽፈውም።

«አዎ አባዬ» አልኩት፣ ሳልጮህ። ሰማኝ።